የአማቴ ተቃውሞ

እኔ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። ፓምፕ ሲበላሽ፣ ዕቃ አቅራቢው ሲዋሽ፣ አለቃዬ «ነገ እናየዋለን» ሲል አፌ አያርፍም። የምሠራው እስራኤል አገር፣ ሐደራ ከተማ፣ ባሕሩ ዳርቻ፣ የባሕር ውኃ ጨዉ ወጥቶ ለመጠጥ በሚሆንበት ጣቢያ ነው፤ ባሌም «አንቺ ስትቆጪ ዓሣው ሁሉ ወደ ቆጵሮስ ይሸሻል» ይለኛል። ይበል። ትልልቅ ሰዎች በወግ የተቀመጡበት ስብሰባ ስገባ ግን ምን እንደሚነካኝ እንጃ፣ ምላሴ ይተሳሰራል። እዚሁ ሐደራ ተወልጄ፣ እዚሁ ተምሬ፣ ውትድርናውንም ጨርሼ፣ እንደ አገሩ ልጅ ወረፋ ላይ መጮህ አሳምሬ አውቅበታለሁ። ታላቅ ሰው ሲናገር አንገት መድፋቱን ግን ከወላጆቼ ቤት ይዤው ወጥቻለሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አለቀቀኝም።

ይህን ያለ ነገር አላነሳሁትም። አንድ ጊዜ ይኸው ጠባዬ የምወደውን ነገር ሊያሳጣኝ ሲል ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

የምወደው ነገር ቅርንጫፋችን ነው። የአንድ ዓለም አቀፍ የመሐንዲሶች ማኅበር አባል ነኝ። ማኅበሩ በየአገሩ ቅርንጫፎች አሉት፤ የሐደራው ከሁሉም ታናሹ ሳይሆን አይቀርም። የምንሰበሰበው ጊቫት ኦልጋ ሰፈር፣ ማትናስ በምንለው የሰፈሩ የሕዝብ ማዕከል ውስጥ፣ ፎቅ ላይ፣ ከልጆቹ የካራቴ ክፍል ጎን ነው። አንዱ ስለ ድልድይ ምሰሶ ሲያስረዳ ከግድግዳው ወዲያ ሕፃናት አንድ ላይ ይጮሃሉ፤ እኛም ለምደነዋል። ስለ ተርባይን ይወራል፣ ስለ ኮንክሪት ይወራል፣ ሥራ የፈታ ሥራ ያገኛል፣ ሒሳብ የከበደው ተማሪ የሚያስጠናው ያገኛል። እኔ ራሴ ለመጀመሪያ ጊዜ «መሐንዲሷ» ተብዬ የተጠራሁት እዚያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ያውም ገና ተማሪ ሆኜ፣ በዚያው ሳምንት ፈተና ወድቄ ሳለሁ። አሁን ከቤት ኤሊዔዘር፣ ከከተማው ሌላኛው ሰፈር፣ የሚመጡ ሴት ተማሪዎች አሉን። በአውቶቡስ መጥተው፣ በአውቶቡስ ይመለሳሉ። ስብሰባው ትልቁ ከተማ ቢሆን አንዳቸውም አይመጡም፤ ቀን ክፍል፣ ማታ ሥራ ያለባት ልጅ እንዴት ብላ?

ታዲያ ይህ ቅርንጫፍ ሊዘጋ ነበር። «ሊዘጋ» አላሉትም፣ «ከትልቁ ከተማ ቅርንጫፍ ጋር ሊቀላቀል» ነው ያሉት። ያው ነው።

ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የእኛው ይሉኝታ ነው። የማኅበሩ ደንብ በየዓመቱ ሰብሳቢ ምረጡ ይላል፤ የሚመረጠው ሰውም በአፉ መስማማት አለበት። እንግዲህ ከእኛ መሀል «እኔ እፈልጋለሁ፣ እኔ እችላለሁ» የሚል ሰው ፈልጉ! አብዛኞቻችን የኢትዮጵያ ቤተሰብ ልጆች ነን። አንዱን ስንጠቁም «ኧረ እኔ ምን አውቄ፣ እሱ አይሻልም?» ይላል። እሱም «ኧረ እሷ እያለች» ይላል። እሷ ወደ እኔ፣ እኔ ደግሞ ወደ ኋላ ወንበር። ከሩሲያ የመጡት ሁለቱ ሽማግሌ መሐንዲሶች እንኳ ከእኛ ለምደውት «አይ፣ አይ፣ እሱ» እያሉ እርስ በርስ ይጠቋቆማሉ። እንዲህ ስንገባበዝ የማትናሱ ጥበቃ ቁልፉን እያንቃጨለ መጣና መብራቱን አጠፋብን። ምርጫው ቀረ። በዓመቱም ያው ሆነ። በላይ ያሉት ሰዎች ታዲያ ይህን ምን ብለው ይረዱት? «ሐደራ ፍላጎት የለውም» አሉ። ፍላጎት! ከፍላጎት ብዛት እኮ ነው አንዱ ለሌላው የሚተወው።

አሁን አማቴን ላምጣቸው። አማቴ የሚኖሩት ጊቫት ኦልጋ ነው። በዚያ ሰሞን የቤታቸው ቧንቧ ፈንድቶ፣ እስኪጠገን ድረስ ቤት ኤሊዔዘር እኛ ዘንድ ሰነበቱ። «ምራቴ ባሕር ታጣፍጣለች፤ የእኔን ቧንቧ ግን ጊዜ አጥታ ሰው ቀጠረችለት» እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ ነገሩብኝ። ስለ ማኅበሩም ጠይቀው አይጠግቡም።

«ይኼ ማኅበርሽ የዓለም ነው አይደል? አለቃው ማነው?» አሉኝ አንድ ቀን።

«ፕሬዚዳንት አለው፣ እማማ። በየዓመቱ ይለወጣል። ደግሞ ብቻውን አይደለም፤ የሚመጣው ዓመት ፕሬዚዳንት ካሁኑ ተመርጦ አጠገቡ ሆኖ ይማራል። ያለፈው ዓመቱም ወዲያው አይሄድም፣ ቆይቶ ይመክራል።»

«የሚመጣው፣ ያለውና የሄደው በአንድ ገበታ?»

«አዎ።»

«አይመራረዙም?»

ሳቄን ውጬ ቀጠልኩ። አባላት የቅርንጫፋቸውን ኮሚቴ እንደሚመርጡ፣ ቅርንጫፎች ወደ ቀጠናው ጉባኤ ተወካይ እንደሚልኩ፣ ጉባኤው ደግሞ ወደ ላይኛው ቦርድ ሰው እንደሚልክ አስረዳኋቸው። ሁሉም በትርፍ ሰዓቱ በነፃ እንደሚያገለግል ስነግራቸው ደስ አላቸው።

«ከፕሬዚዳንቱ በላይስ?»

«ቦርዱ።»

«ከቦርዱ በላይ?»

«አባላቱ። ዋናውን ደንብ መለወጥ የሚችሉት አባላቱ ናቸው፣ በድምፅ።»

«ከሁሉም በታችስ ማን አለ?»

«አባላቱ።»

አማቴ ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝ። «ዞሮ ዞሮ እናንተው ናችሁ። ይኼን ለማለት ነው ይኼን ሁሉ ደረጃ ያስወጣሽኝ?»

በቀጠናው ጉባኤ የሐደራ ተወካይ እኔ ነበርኩ። ጉባኤው የሚደረገው በኮምፒውተር፣ በዙም ነው፤ ከብዙ አገር የመጡ ተወካዮች በየሳጥናቸው ይደረደራሉ። አንድ ደንብ አላቸው። አያከራክሩም የተባሉ ጉዳዮች አንድ ላይ ይታሰራሉ፤ እኛ «ጥቅል» እንለዋለን። ሰብሳቢው «ተቃውሞ አለ?» ይላል። ዝም ከተባለ ጥቅሉ እንዳለ ጸደቀ ማለት ነው። አንድ ሰው ብቻ ከተቃወመ ግን ያ ጉዳይ ከጥቅሉ ይወጣና ለብቻው ይመከርበታል። የአንድ ሰው ቃል ይበቃል፤ ጥሩ ደንብ ነው። የእኛ መቀላቀል ባለፈው ቃለ ጉባኤና በሚቀጥለው የስብሰባ ቀን መሀል ተወሽቆ ጥቅሉ ውስጥ ገብቷል።

ባሌ ያለማምደኝ ጀመር። «አንድ ቃል ናት። ‹እቃወማለሁ› በያት፣ አለቀ።» መታጠቢያ ቤት ገብቼ መስታወቱ ፊት እንግሊዝኛውን እደጋግማለሁ። አንዴ በቀስታ፣ አንዴ በቁጣ። አማቴ በሩን አንኳኩ። «ልጄ፣ አሞሻል?» አሉኝ። ደህና ነኝ አልኩ። ደህና ግን አልነበርኩም። የጉባኤው ሰብሳቢ በዕድሜ የገፉ፣ ነጭ ጢም ያላቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ለሁሉም ሰው መልካም የሆኑ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰው አቋርጬ «እቃወማለሁ» ልበል? አባቴ ይህን ቢሰማ ምን ይለኛል? በሌላ በኩል ደግሞ እነዚያ ልጆች አሉ። አንዷ ባለፈው ስብሰባ ላይ «ይዘጋል የሚሉት እውነት ነው?» ብላ ጠይቃኝ «እኔ እያለሁ?» ብያታለሁ። ጉራዬ!

ቀኑ ደረሰ። ከሥራ መጥቼ ሳሎን ውስጥ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ፤ ኢንተርኔቱ ደህና የሚሠራው እዚያ ብቻ ነው። አማቴ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። እናቴ ብትሆን «እማ፣ እባክሽ ትንሽ መኝታ ቤት ግቢልኝ» እላት ነበር። አማትን እንዴት ተደርጎ ይነሱ ይባላል? አልተባለም። ተወካዮች ሲጠሩ «አለሁ» ለማለት ማይክሮፎኑን ከፈትኩ፤ ከጭንቀቴ ብዛት መልሼ መዝጋቱን ረሳሁት።

ሰብሳቢው ንግግራቸውን ጀመሩ። አማቴ ከጎኔ ብቅ ብለው ስክሪኑን አዩ።

«ሰውየው ምን ይላል?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ስለ ደንብ ነው፣ እማማ።»

ጥቂት አዳመጡ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። «ምነው ይኼ ሁሉ ሰው ዝም አለው? ይኼን የመሰለ ሽማግሌ እንዲህ ሲናገር አንድ ሰው እንኳ አይመልስለትም? ምን በደላቸው?»

በዙም እንደዚህ ነው ልላቸው አሰብኩ፤ ጊዜ አልነበረኝም። አማቴ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ ቀጥ ብለው ተቀመጡና፣ ሌላው ሰው የነፈጋቸውን ክብር እሳቸው ይሰጧቸው ጀመር። ሰው ሲያወራ እየሰማሁህ ነው፣ ልክ ነህ፣ ቀጥል ለማለት ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን የምንላት አለች አይደል? «ህእ» የምትለው። እሷን። ሰብሳቢው አንድ ነገር ይላሉ፤ አማቴ «ህእ»። ሰብሳቢው ይቀጥላሉ፤ አማቴ «ህእ»። እንግሊዝኛ አንድ ቃል አያውቁም። በጨዋ ደንብ ግን እያዳመጡ ነው።

እኔ ይህን ልብ አላልኩትም፤ ልቤ ጥቅሉ ላይ ነው። ሰብሳቢው ጥቅሉ ላይ ደረሱ። «ተቃውሞ አለ?» አሉና ዝም አሉ።

አፌን ከፈትኩ።  ቃሏ ጠፋች። መስታወቱ ፊት ስንት ጊዜ ያልኳት ቃል ድራሿ ጠፋ።  ሰብሳቢው «እንግዲህ ተቃውሞ ከሌለ...» ብለው በመነጽራቸው ላይ ወደ ካሜራው ቀና ሲሉ፣ አማቴ ሰውየው እሳቸውን አይተው መልስ የሚጠብቁ መሰላቸው። ከሆዳቸው ድረስ ስበው፣ «ህእእ!» አሉ።

ድምፅ የተሰማባት ሳጥን ዙሪያዋ ይበራል፤ የእኔዋ በራች። ሰብሳቢው ንግግራቸውን አቋረጡ።

«ይቅርታ» አሉ። «ከሐደራ አንድ ድምፅ ሰማሁ። የደነገጠ ሰው ድምፅ ይመስላል። ተቃውሞ ነው?»

ወይ ጉድ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሁሉም እኔን ያያል። አንዱ የሚበላውን ሳንድዊች አስቀመጠ። 

«ይቅርታ፣ ክቡር ሰብሳቢ» አልኩ። «እኔ አይደለሁም። አማቴ ናቸው። አልደነገጡም፤ በእኛ ዘንድ እንዲህ ሲባል ‹አዎ› ማለት ነው። እርስዎን በአክብሮት እያዳመጡ ነው።»

ሳጥኖቹ ሁሉ በሳቅ ፈረሱ። ሰብሳቢውም ሳቁ፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉትና፣ ረጋ ብለው፣ «መልካም። አማትሽ ተስማምተዋል። አንቺስ?» አሉኝ።

በእንግሊዝኛ አንቺና እርስዎ የሚባል ልዩነት የለም። እኔ ግን ያን ቃል የሰማሁት እንደ አባት «አንቺስ?» ሲሉኝ ነው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለበጠው። ታላቅ ሰው ሲናገር ዝም ይባላል፤ ታላቅ ሰው ሲጠይቅ ግን ዝም ማለት ንቀት ነው። ይህንንም ያስተማሩኝ እነዚያው ወላጆቼ ናቸው። ምላሴ በአንድ ጊዜ ተፈታ።

«እኔ እቃወማለሁ» አልኩ። «በጣም እቃወማለሁ።»

ጉዳያችን ከጥቅሉ ወጣ። ደንቡ እንደሚለው አሁን ሐሳብ ማቅረብ አለብኝ፣ ሐሳቤንም የሚደግፍ ሌላ ተወካይ ያስፈልጋል። «የሐደራ ቅርንጫፍ ለአንድ ዓመት ይቆይና እንደገና ምርጫ ያድርግ» አልኩ። «ደጋፊ አለ?» አሉ ሰብሳቢው። ማንም እጁን አላወጣም።  ከዚያ ከአንዲት ደሴት አገር የመጣች ተወካይ፣ ዶሮ ከኋላዋ እየጮኸ፣ «እደግፋለሁ!» አለች። የእነሱም ቅርንጫፍ ጥቅሉ ውስጥ ነበር ለካ። በኋላ ስትጽፍልኝ «እኔም የመጀመሪያ ሆኖ አፍ የሚከፍት ሰው ስጠብቅ ነበር» አለችኝ። እሷም ያው የእኔ ቢጤ ነበረች።

ከጀርባው የሚያምር የመጻሕፍት መደርደሪያ ያለው አንድ ተወካይ እጁን አወጣ። «አክብሮቴ የተጠበቀ ነው» አለ፤ እንዲህ የሚል ሰው ሊያሳምምህ ነው። «ምርጫችሁ ተደጋግሞ ከሽፏል። ማንም ሰብሳቢ መሆን አልፈለገም። አሁን ምን ተለወጠ?»

«የሚፈልግ ጠፍቶ አይደለም» አልኩት። ንዴቴ መጣ፤ ንዴቴ ሲመጣ እንግሊዝኛዬም ይመጣል። «በእኛ ቤት እንግዳ ‹በቃኝ› ሲል ሳህኑን አናነሳበትም። ‹ኧረ ትንሽ› እንለዋለን። ‹ኧረ በቃኝ› ይላል። ደግመን ‹በሞቴ› እንለዋለን። ከዚያ ይበላል፤ ርቦት ነበራ! ምርጫ ላይ ግን ሰው አንድ ጊዜ ‹ኧረ እኔ አልሆንም› ሲል እናንተ ‹እምቢ ብሏል› ብላችሁ ሳህኑን ታነሳላችሁ። እኛም የእናንተን ደንብ አክብረን አነሳን። በረሃብ የሞትነው ለዚህ ነው።»

ከኋላዬ አማቴ «ህእ» አሉ። አንድ ቃል አልገባቸውም፤ ምራታቸውን ግን ብቻዋን አይተዉም።

«ስንት ጊዜ ነው መጠየቅ ያለበት?» አሉ ሰብሳቢው፣ ፈገግ እያሉ።

«ሦስት ጊዜ። ሦስተኛው ላይም እምቢ ካለ፣ አዎ፣ እውነቱን ነው።»

የጉባኤው የደንብ አማካሪ የሆነች ሴት ገጽ ስታገላብጥ ቆይታ፣ ደንቡ ዕጩው ይስማማ ይላል እንጂ ስንት ጊዜ ይጠየቅ እንደማይል፣ ድምፁ በምስጢር እስከተሰጠ ድረስ ቅርንጫፉ በራሱ ወግ ቢጠይቅ የሚከለክል ነገር እንደሌለ ተናገረች። ብስማት ደስ ይለኝ ነበር። ባለ መደርደሪያው ሰውዬም «ይኼ አዲስ ነገር ነው» ብሎ ሳቀ። ድምፅ ተሰጠ። ከተነሣው እጅ ያልተነሣው ያንስ ነበር። የደሴቲቱም ጉዳይ በዚያው ተጨምሮ፣ ሁለቱም ቅርንጫፎች ሳይዘጉ ቀሩ።

ምርጫው በኋላ እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ለሚቸኩል፦ ከቤት ኤሊዔዘር ከሚመጡት ልጆች አንዷን፣ የኤሌክትሪክ ተማሪዋን ጠቆምን። «ኧረ እኔ ልጅ ነኝ» አለች። ጠየቅናት። «ኧረ ሌላ ሰው» አለች። ሦስተኛውን ስንጠይቅ መሬት መሬት እያየች «እንግዲህ ካላችሁ...» አለች፤ ሩሲያውያኑ ከሁላችንም ቀድመው አጨበጨቡ። ዛሬ ስብሰባውን የምትመራው እሷ ናት፤ ሰዓት ስታስከብር ታስፈራለች።

ወደ ሳሎኑ ልመለስ። ኮምፒውተሩን ከድኜ አማቴን አቀፍኳቸው። ምን እንደሆነ አልገባቸውምና ጠየቁኝ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። በመጀመሪያ ክው አሉ። «እኔ? እኔ እኮ እሺ ነው ያልኩት! ሰውየውን ‹ተቃወመችኝ› አሰኘሽው? አዋረድሽኝ!» ተቃውሞው የእኔ እንደሆነ፣ የእሳቸው ግን «አዎ» እንደሆነ ለሰውየው መንገሬን ስገልጽላቸው በረድ አሉ። ከዚያ ሳቅ መጣባቸው። እኔም ሳቅሁ። ተያይዘን ስንስቅ ቆይተን ድንገት ሳቃቸውን አቆሙ።

«ቆይ» አሉኝ። «እኔ ‹ህእ› ስል ሰውየው ወሬውን አቆመ?»

«አቆመ።»

«ምን ማለቷ ነው ብሎ ጠየቀ?»

«ጠየቀ፣ እማማ።»

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ መስኮቱ አዩ። «በሱዳን አልፌ እዚህ አገር ከገባሁ ይኸው አርባ ዓመት ሊሆን ነው» አሉ። «ቢሮ ስገባ ‹ማ? ማ?› ይሉኛል። ሐኪም ቤት ስገባም ‹ማ?›፤ ‹ምን? ምን አልሽ?› ማለታቸው ነው። እብራይስጡን አስተካክዬ የተናገርኩ ሲመስለኝም ‹ማ?› ብለው ከእኔ አልፈው ልጄን ያዩታል፣ እሱ እንዲመልስላቸው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ስለ እኔ ሲናገር ነው ያደገው ያንቺ ባል። ተናግሬ ያላቆምኩትን ሰው፣ በትንፋሽ አቆምኩት?»

  አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥኩ።

«ስሙን ንገሪኝ» አሉኝ።

የሰብሳቢውን ስም ነገርኳቸው። ለአፋቸው የማይመች ስም ነበር፤ እስኪይዙት ድረስ ደጋገሙት፣ አንዱን ፊደል በሌላው እየለወጡ፣ እኔ እያረምኳቸው። ከያዙት በኋላ ተነሥተው ቆሙ። ሁለት እጃቸውን ወደ ተከደነው ኮምፒውተር ዘርግተው፣ ሰብሳቢውን በስማቸው ጠርተው፣ «እንደ ሰማኸኝ እግዚአብሔር ይስማህ» ብለው መረቋቸው።

እኔም ተነሥቼ «አሜን» አልኩ።